የዘመድ ድንኳን በላንጋኖ

ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወርዶ፣ በየዓመቱ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ድንኳን የሚተክል ሰፊ ቤተሰብ የታደለ ነው። ውሃው ቡናማ ስለሆነ እንግዳ ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል። ቀለሙ ግን ከደለል የመጣ ነው፤ ሐይቁ ከቢልሃርዚያ ነጻ በመባል ስለሚታወቅም ልጆቹን ከውስጡ የሚያወጣቸው ረሃብ ብቻ ነው።

እኔ ከሁሉ የምወደው ማታውን ነው። በከተማ ለቅሶና ሠርግ ካላገናኘው የማይተያይ ዘመድ፣ እዚህ ያለ አንዳች ጉዳይ እሳት ከብቦ ያመሻል። አክስቶች ድስት ይጥዳሉ፤ የአጎትና የአክስት ልጆች አንድ ድንኳን ውስጥ ተጨናንቀው ይንሾካሾካሉ። አያታችን አሸዋው ላይ ወንበር ተዘርግቶላቸው የዘር ሐረጉን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ ትንንሾቹም ተከትለው ይደግማሉ። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ከየት ይገኛል! የከርሞው ቀን የሚቆረጠውም እዚያው፣ የመጨረሻው ጠዋት ቡና ላይ ነው።