ቀፎ ጠባቂው አመድ

ከሳንቃ በር ቁልቁል፣ በደባርቅና በዳባት ደጋ፣ በእበት ተመርጎ በጓሮ ቆጥ ላይ የተጋደመውን ቀፎ ላስተዋለ ሰው፣ ከማሩ ይልቅ አንክሮ የሚገባው የባለቤቱ ትጋት ነው፤ መንጋው ሳይገባ ቀፎውን በወይራ ጢስ ያጥናል፣ ከገባም በኋላ ጉንዳን እንዳይወጣበት በቆጡ እግር ዙሪያ ደረቅ አመድ ይነሰንሳል፣ ዝናብ ባጠበው ቁጥርም ያድሰዋል፣ ቀፎውን የነካ ቅርንጫፍ ለጉንዳን ድልድይ እንዳይሆን ይቆርጣል።

ሰም በሊታዪቱ የእሳት እራት ግን በአመድ አትመለስም፤ በሌሊት ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ትሎቿም የማሩን እንጀራ እየቦረቦሩ ድር ያደሩበታል። ለዚህ መድኃኒቱ የመንጋው ብርታት ነው። ስለዚህ አስተዋዩ ንብ አናቢ የጠቆረውን አሮጌ እንጀራ አውጥቶ፣ ሰሙን ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ አንጥሮ፣ ከአደይ አበባ ማግሥት ማር ሲቆርጥም ለንቦቹ ስንቅ ይተዋል፤ ሁሉን ጠርጎ የሚወስድ ስስታምም አይጠፋም።