በሁሉም ኮምፒውተር የሚሠራ ስክሪፕት
በአዶቤ ኢንዲዛይን መጽሔት የሚያዘጋጅ ቡድን አንድ ስክሪፕት በጋራ ሲጠቀም ቶሎ የሚገጥመው እንቅፋት የፋይል አድራሻ ነው። በዊንዶውስ አድራሻው ብዙውን ጊዜ ከሲ ድራይቭ ይነሳል፤ በማክ የድራይቭ ፊደል የሚባል ነገር የለም። የተጠቃሚው ስምም በየኮምፒውተሩ ይለያያል። የራሱን ዴስክቶፕ ሙሉ አድራሻ በስክሪፕቱ ውስጥ የጻፈ ሰው ለራሱ ብቻ የሚሆን መሣሪያ ሠራ ማለት ነው።

የአዶቤ የስክሪፕት ቋንቋ የሆነው ኤክስቴንድስክሪፕት ለዚህ ያለው መፍትሔ ያስደንቃል። «ፎልደር» የተባለው ኦብጀክት ዴስክቶፕን፣ የሰነዶች ፎልደርንና የጊዜያዊ ፋይሎችን ቦታ በስም ሲጠይቁት የእያንዳንዱን ተጠቃሚ ትክክለኛ አድራሻ ያመጣል። ፎልደሮችን የምትለየው ወደ ቀኝ ያዘነበለች ሰረዝ በሁለቱም ሲስተሞች ታገለግላለች። ፎልደሩ መኖሩን አረጋግጦ፣ ከሌለ መፍጠርም የጥቂት መስመር ሥራ ነው። ስክሪፕቱ እሱ ራሱ የት እንደተቀመጠ ማወቅ ስለሚችል፣ አብረውት የተላኩትን ቴምፕሌቶች ከጎኑ ያገኛቸዋል።

እንዲህ መጻፍ ለባልደረባ ማሰብ ነው። ኮድ ጽፎ የማያውቅ ዲዛይነር ከስክሪፕቶች ፓነል ላይ ሁለቴ ጠቅ አድርጎ ሥራውን ይቀጥላል። ስክሪፕት የምትጽፉ ሁሉ፣ አድራሻውን በእጃችሁ አትጻፉ፤ ኮምፒውተሩን ጠይቁት።