ቃል አልባው ዜማና የኃይሉ መርጊያ ኪቦርድ

በአገራችን የዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ የድምፃዊው ስም ጎልቶ ሲነገር፣ የመሣሪያ ተጫዋቹ ስም በካሴቱ ሽፋን ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ወይም ጨርሶ ሳይጻፍ መቅረቱ የቆየ ልማድ ነው። ከዚህ ልማድ ከወጡት ጥቂት ባለሙያዎች አንዱ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። ረጅሙ የቀረጻ ሥራቸው መመርመር የሚገባው ግን ዕድሜ ስላስቆጠረ ብቻ አይደለም። ዛሬ በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሞያሌና በሌሎችም የደቡብ ቆላ ከተሞች ሠርግ ወይም በዓል ሲሆን፣ አንድ ድምፃዊና አንድ ኪቦርድ የሙሉ ባንድን ቦታ ይዘው ማየት የተለመደ ሆኗል። የዚህን አሠራር ጥቅምና ጉዳት ለመመዘን፣ ኪቦርድን ከድምፃዊ ጀርባ አውጥተው ያናገሩትን ሰው ሥራ በጥሞና ማዳመጥ ያስፈልጋል።

ኃይሉ መርጊያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 በሸዋ ደብረ ብርሃን ተወለዱ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት የአልበም ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው በ14 ዓመታቸው አኮርዲዮን ተለማመዱ። ይህ መነሻ ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። አኮርዲዮን ድምፁን የሚያገኘው ከወናፉ ነው፤ ተጫዋቹ ሲስበውና ሲገፋው ድምፁ እንደ ሰው ትንፋሽ ይሰፋል፣ ይጠብባል። የኤሌክትሪክ ኦርጋን ግን ቁልፉ ተጭኖ እስካለ ድረስ ያንኑ ድምፅ ሳያበዛና ሳይቀንስ ያሰማል። በመሆኑም ወደ ኦርጋን የተሻገረ የአኮርዲዮን ሰው ትንፋሹን በጣቱ መፍጠር ይኖርበታል፤ ይኸውም ሐረጉን በቦታው በመቁረጥ፣ ድምፁን በአጫጭር ጌጥ በማወዛወዝና በዝምታ በማሳረፍ ነው። በዋልያስ ባንድ ቀረጻዎች የምንሰማው ኦርጋን እንደ አንጎራጓሪ የሚተነፍሰው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

ዘመኑም የራሱ ድርሻ ነበረው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር በምግብና በውሃ ችግር ተማርሮ ማመፁ፣ ለየካቲቱ አብዮት መቃረብ ከታዩት ምልክቶች አንዱ መሆኑ ይታወቃል። አብዮቱን ተከትሎ የመጣው ሰዓት እላፊ ደግሞ የአዲስ አበባን የምሽት ሙዚቃ መልክ ለወጠው። በጊዜ ወደ ቤቱ ያልገባ እንግዳ በክበቡ ውስጥ ያነጋል፤ ባንዱም አብሮት ያነጋል። ረጅም ሌሊት ረጅም የመሣሪያ ጨዋታን ይጠይቃል፤ በግጥም ላይ ሳንሱር በበረታበት ጊዜም ቃል አልባ ዜማ ከመርማሪው ብዕር ይድናል። በሂልተን ሆቴል ለዓመታት የሠራው ዋልያስ ባንድ በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» የዚህ ዘመን ፍሬ ነው። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ሥራ የሚገኘው በዚሁ አልበም ሲሆን፣ ሙላቱ አስታጥቄም ተሳትፈውበታል። በ1978 ደግሞ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ቀረጹ።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ፕሮግረሲቭ ሮክ የተባለው ስልት የኪቦርድ ተጫዋቹን ወደ መድረኩ ፊት አምጥቶት ነበር። ኪት ኤመርሰን ቁም ሣጥን የሚያህል የሙግ ሲንተሳይዘር ይዞ ይቀርብ ነበር፤ ሪክ ዌክማንም በ1974 የጁል ቬርንን የምድር ውስጥ ጉዞ ልቦለድ ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር በሙዚቃ ተረከ። እነርሱ መሣሪያውን ያስከበሩት ሥራውን በማግዘፍ ነው። ኃይሉ ሕዝቡ የሚያውቀውን አንድ ዜማ ይዘው፣ በቅኝቱ ውስጥ እየተመላለሱ፣ ቃሉ የተወበትን ስሜት በቁልፍ ፈለጉ። ሁለቱም መንገዶች ችሎታን ይጠይቃሉ፤ የሁለተኛው ፈተና ግን አድማጩ ዜማውን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ስሕተትን የሚሸፍን ግዝፈት አለመኖሩ ነው።

ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ኃይሉና አንዳንድ ባልደረቦቻቸው በዚያው ቀሩ። በ1985 በዋሺንግተን ብቻቸውን የቀረጹት አልበም ከሥራዎቻቸው ሁሉ ለዛሬው ርእሳችን ይበልጥ የቀረበ ነው። በዚህ አልበም አኮርዲዮን፣ የሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ፣ ያማሃ ዲ ኤክስ 7 እና የምት ማሽን በአንድ ሰው እጅ ተገናኙ። «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ዜማ ለሚያዳምጥ አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል፤ አኮርዲዮኑ ይዘፍናል፣ ማሽኖቹ ያጅባሉ፤ የሥራ ድርሻቸው አይምታታም። እርግጥ ነው፣ የምት ማሽኑ ግትርነት አንዳንዴ ጆሮን ያሰለቻል፤ ሕያው ከበሮ መቺ ሊሰጥ የሚችለውን መግፋትና መያዝ አልሰጠም። ቢሆንም ዜማው በማሽኑ አልተገዛም።

ከዚያ በኋላ ኃይሉ ለረጅም ዓመታት ከመድረክ ርቀው በታክሲ ሹፌርነት ሲተዳደሩ፣ ኪቦርዳቸውን በመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ይዘው ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ጊዜ ይለማመዱ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ የ1985ቱን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 ዳግም አሳተመው። በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» ተከተሉ። «ላላ በሉ» የሚዘጋው «የፍቅር እንጉርጉሮ» በተባለ የብቸኛ ፒያኖ ጨዋታ ነው። ምቱም አጃቢውም ተነሥቶ ዜማው ብቻውን ሲቀር ሳይወድቅ መቆሙ፣ የሕይወት ዘመን ሥራቸው ማረጋገጫ ነው።

ይህ ለደቡብ ቆላ ባለሙያ ምን ይነግረዋል? በቦረና ጥልቅ የቱላ ኤላዎች ሰዎች በመሰላል ላይ ተደርድረው የውሃውን ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀባብሉ ይዘፍናሉ። የዘፈኑን ልክ የሚወስነው የባልዲው መውጣትና መውረድ ነው፤ ሥራው ሲከብድ ዘፈኑ ይረግጣል፣ ሲቀል ይፈጥናል። የኪቦርዱ የተዘጋጀ ምት ይህን አያውቅም፤ ቁልፎቹም ስምንተኛውን ድምፅ በ12 እኩል ደረጃ የከፈሉ ስለሆኑ የአንጎራጓሪው ጉሮሮ የሚያርፍባቸውን ስፍራዎች ሁሉ አያገኙም። አንድ አዝራር ተጭኖ የኦሮምኛውንም፣ የሶማሊኛውንም፣ የአማርኛውንም ዘፈን በአንድ ዐይነት ምት ማስኬድ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ሦስቱንም ያደኸያል።

መፍትሔው ኪቦርዱን ማውገዝ አይደለም። ባንድ ለማቋቋም አቅም በማይኖርበት ከተማ ይህ መሣሪያ ሠርጉን አድምቋል፣ ለወጣቱም እንጀራ ሆኗል። የሙዚቃ መምህሩ ተማሪውን አስቀድሞ ዜማውን በአፉ እንዲያዜም፣ ከዚያ ያለ ምት ማሽን በአንድ እጁ እንዲጫወት፣ በመጨረሻ ብቻ አጃቢውን እንዲጨምር ቢያደርገው፣ ዜማው ጌታ ማሽኑ አሽከር ይሆናሉ። የባህል ጽሕፈት ቤቶችም የኤላውን ዘፈን ከነሥራው በወቅቱ ሊቀርጹት ይገባል፤ ተጫዋቹ የሚመለስበት ምንጭ ከሌለው የሚመልሰው አዝራሩ ነውና። በሚወጣው ቀረጻ ሽፋን ላይም የኪቦርድ ተጫዋቹ ስም ከድምፃዊው ስም ጎን ይጻፍ። ስሙ የተጻፈ ባለሙያ ለሥራው ተጠያቂ ይሆናል።