መቅደላና ሐምሌ 22፦ የጀግና ሞት በክርስትና ሚዛን

በዘመናዊው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጀግና የሚመዘነው ባሟሟቱ ነው። ኑሮው ቢዘበራረቅ፣ ያሰበው ቢከሽፍ፣ የገዛ ወገኑን ቢፈጅ እንኳ የመጨረሻዋን ሰዓት ካሳመረ ሌላው ሁሉ ይማርለታል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ«ቴዎድሮስ» ተውኔቱ፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለእናቱ»፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በራሱ «ቴዎድሮስ» የየራሳቸውን ንጉሥ ቀርጸዋል። አራቱ ብዙ የሚለያዩበት ነገር አላቸው። አንባቢውና ተመልካቹ ገና ከጅምሩ የሚያውቀው መድረሻ ግን አንድ ነው፦ የመቅደላ አምባና ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከችው ሽጉጥ።

እዚህ ላይ አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። ይህን ጀግና ያነገሠው ባህል ፊደል የቆጠረው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ራሱን ለገደለ ሰው ጸሎተ ፍትሐት አታደርግም። አእምሮውን ስቶ እንደሆነ ካህኑ አጥብቆ ይመርምር የሚለው የእስክንድርያው ጢሞቴዎስ ቀኖና ጠባብ በር ይተዋል እንጂ ድርጊቱን አያወድስም። ታዲያ አገሬው ለአርባ ቀን ተዝካር የሚጨነቅበትን እምነት ይዞ፣ ከነገሥታቱ ሁሉ አብልጦ የወደደው ፍትሐት የሚነፈገውን ንጉሥ እንዴት ሆነ? «ሕዝብ ስሜቱን እንጂ ቀኖናን አያነብም» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ምክንያቱ ከዚያ ይጠልቃል፤ ስለ ድልና ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ካለን አሳብ ጋር የተያያዘ ነው።

መቅደላ ላይ የሆነው ሁሉ የሆነው በሰሙነ ሕማማትና በፋሲካ ነው። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ካህናት ጎንበስ ብለው የምእመናንን እግር በሚያጥቡበት በዚያ ዕለት ንጉሡ ያሰሯቸውን በርካታ ኢትዮጵያውያን ከእስላምጌ ገደል አስወረወሩ። በማግስቱ፣ በዕለተ ስቅለት፣ አሮጌ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ ከንጉሡ ወገን ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ ወደ 700 የሚጠጋ ሰው አለቀ። ከዚያ ውጊያ በኋላ አጼ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ለመግደል ሞክረው በአጠገባቸው የነበሩት አስጣሏቸው። ቅዳሜና እሑድ ንጉሡ አስረዋቸው የነበሩት አውሮፓውያን ተለቀቁ። እሑድ ትንሣኤ ነበርና ንጉሡ ለእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ሠራዊት የፋሲካ መፈሰኪያ የሚሆን ከብትና በግ ላኩ፤ አልተቀበሏቸውም። ሰኞ፣ ሚያዝያ 6፣ እንግሊዞች አምባውን ሰብረው ሲገቡ ሽጉጣቸውን ጠጡ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በሕማማት ሳምንት ፍትሐት የለም። በዚያ ሳምንት ለሚሞቱ ሁሉ ጸሎቱ ቀደም ብሎ በሆሣዕና ይደረሳል። እንግዲህ ሐሙስ ገደል የተወረወሩትም፣ ዓርብ አሮጌ ላይ የወደቁትም፣ ማን እንደሚሞት ሳይታወቅ በሆሣዕና የተፈቱ ሙታን ናቸው። ሰኞ የሞቱት ንጉሥ ግን ከዚያ ጸሎት ውጭ ነበሩ። በሕዝብ ትውስታ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ሐሙስና ዓርብ ተረስተው ሰኞ ብቻ ቀረች። አዲስ አበባ ላይ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ የንጉሡን ሕልም ያስታውሳል። የእስላምጌን ሙታን በስማቸው የሚጠራ አደባባይ ግን አላየሁም። የዘመናዊው ጀግና አንዱ ጠባይ ይሄ ይመስለኛል፤ የመጨረሻው ትዕይንት ከፊቱ የነበሩትን ይውጣቸዋል። ሰማዕታትን የሚተርከው ስንክሳር እንኳ የተገደሉትን ሲቆጥር ስማቸው የማይታወቀውን «ማኅበረተኞቻቸው» እያለ ይይዛቸዋል፤ አይጥላቸውም።

ቅዱስ አውግስጢኖስ በ410 እ.ኤ.አ. የሮምን መዘረፍ ተከትሎ በጀመረው «የእግዚአብሔር ከተማ» በተሰኘው መጽሐፉ ገና በመጀመሪያው ክፍል ይህንኑ ጉዳይ ያነሣል። የሮማውያን ጀግና ካቶ በቄሣር ድል ሥር አልኖርም ብሎ ራሱን ገድሎ ነበር። አውግስጢኖስ በካቶ ፈንታ ሬጉሉስን ያቀርባል፤ ምርኮኛ ሆኖ፣ በመሐላው ታስሮ፣ ሥቃይ እንደሚጠብቀው እያወቀ ወደ ካርታጎ የተመለሰውን። ኢዮብን ደግሞ ከሁለቱም በላይ ያደርጋል። ካቶን የሚጠይቀው ጥያቄ ለእኛም ቅርብ ነው፦ በቄሣር ምሕረት መኖር ነውር ከነበረ፣ ልጅህን ስለ ምን ለዚያው ምሕረት ተውከው? የመቅደላው ልዑል አለማየሁ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በዚያው በ1879 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ መቃብሩም ዊንድሶር ነው። አባቱ ሊያድሩበት ያልፈቀዱት እጅ ላይ ልጁ አደገ።

ሆኖም የአውግስጢኖስን ፍርድ እንዳለ በአጼ ቴዎድሮስ ላይ መጫን ስሕተት ይሆናል። ካቶ የሞተው ለገዛ ክብሩ ነው። አጼ ቴዎድሮስ ግን ስማቸውን ሳይቀር ከ«ፍካሬ ኢየሱስ» ትንቢት የወሰዱ፣ ከምሥራቅ ተነሥቶ ዓለምን በሰላም ይገዛል የተባለው ንጉሥ እኔ ነኝ ብለው ያመኑ ክርስቲያን ነበሩ። ከአሮጌ በኋላ ለናፒየር የላኩት ደብዳቤ በሥላሴ ስም ይጀምራል። በውስጡ ሕዝቤ ሥርዓት እምቢ አለኝ የሚል ምሬት አለ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ዓለምን ለመግዛት አስቤ ነበር የሚል ኑዛዜ አለ፣ ከተወለድኩ ጀምሮ ማንም እጁን አላሳረፈብኝም የሚል ኩራትም አለ። ሦስቱን አንድ ላይ ሲያነቧቸው የሚታየው ትዕቢት ብቻ አይደለም። ያኛው ሰው መሸነፉን ያነበበው እግዚአብሔር ፊቱን እንዳዞረበት አድርጎ ነው። የተመረጠ ያሸንፋል፣ ከተሸነፈ አልተመረጠም ማለት ነው፤ ካልተመረጠ ለምን ይኖራል? ይህ የአረማዊ ጀብዱ ሳይሆን በመስቀሉ ፊት የተሰናከለ የክርስቲያን ተስፋ መቁረጥ ነው። ለዚህም ነው ሕዝቡ የወደዳቸው ብዬ የማስበው። ድልን የእግዚአብሔር ፊርማ አድርጎ ማንበብ የንጉሡ ብቻ በሽታ አልነበረምና።

ለዚህ በሽታ እምነታችን ራሱ ሥዕል ሰጥቶታል። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የምናየው ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ደራጎኑን የሚወጋው ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ታቦቱ ከሠራዊቱ ጋር የነበረው፣ ድሉም በዕለቱ የተገኘው ይኸው ፈረሰኛ ነው። ገድሉን የሚያነብ ሰው ግን አብዛኛውን ገጽ የሚያሳልፈው ከሌላ ጊዮርጊስ ጋር ነው፦ ሰባት ዓመት የተገረፈ፣ የተፈጨ፣ አመዱ የተበተነ፣ ተነሥቶም ዳግመኛ ለገዳዮቹ ራሱን ያቀረበ። የገደለው ጊዮርጊስ ግድግዳ ላይ ወጣ፤ የተገደለው ብራና ውስጥ ቀረ። ማን ብራና ይገልጣል?

በፉከራና በገድል መካከል ያለውም ልዩነት ከዚህ ይገናኛል። ፎካሪ ስለ ራሱ ይናገራል፤ አባቱን ጠርቶ፣ ግዳዩን ቆጥሮ፣ ጎፈሩን ነስንሶ። ገድል ግን ባለቤቱ ሊጽፈው አይችልም፤ ቢጽፈው ገድልነቱ ይፈርሳል። ገዳማውያን ከረኀብና ከአውሬ ይልቅ የሚፈሩት ከንቱ ውዳሴን ነው። ዘመናዊው ተውኔት ወደ መድረክ ያመጣው ጀግና የፎካሪው ልጅ ነው፤ መድረክ ደግሞ ጀግናው ራሱ እንዲናገር ያስገድዳል። ሰማዕትን በመድረክ ላይ ማቆም አስቸጋሪ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ወደ አቡነ ጴጥሮስ የምመጣው ይህን ይዤ ነው። የሰላሌው ተወላጅ በ1921 ዓ.ም. ግብፅ ውስጥ ከአቡነ አብርሃም፣ ከአቡነ ሚካኤልና ከአቡነ ይስሐቅ ጋር ተሾሙ። ኢትዮጵያ ከዚያ በፊት ከልጆቿ ጳጳስ ተሹሞላት አያውቅም ነበር። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ የሰነዘሩት ጥቃት ከሸፈ፤ አቡኑም ተያዙ። ኢጣልያኖች የጠየቋቸው ከባድ የሚመስል ነገር አልነበረም፤ አርበኞቹን ሽፍቶች ናቸው ብለው እንዲያወግዙ ብቻ ነበር። እምቢ አሉ፤ ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ ገዘቱ። በማግስቱ፣ ሐምሌ 22፣ በአደባባይ ተረሸኑ።

መኰንን እንዳልካቸው ስለ እሳቸው በጻፉት «የደም ድምፅ» ርእሱ ራሱ አቤልን ያስታውሳል፤ ከመሬት ወደ እግዚአብሔር የሚጮኸውን፣ ፍርድ የሚጠይቀውን ደም። ተገቢ ምርጫ ነው፤ በነፃነት ማግስት ማን ፍርድ አልጠየቀም? ነገር ግን የዕብራውያን መልእክት ከአቤል ይልቅ የሚሻል ነገር ስለሚናገር ደም ይተርካል፤ ያንን ደም ሰማዕቱ ውስጥ የምናየው በጸጋዬ ዘንድ ነው። «እሳት ወይ አበባ» ውስጥ የገባው «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የሚያቀርበው ጳጳስ አይፎክርም። ፊቱን ወደ ጠላት ሳይሆን ወደ እመ ብርሃን አዙሮ ይወቅሳል፣ ይማጸናል፣ ልጅነቱን ያስታውሳል፣ ብርታት ይለምናል። በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ የለመነው ጌታ ጥላ እዚህ አለ። ባለቅኔው ለመድረክ ጀግና የከለከለውን ፍርሃት ለጳጳሱ ሰጣቸው። የቴዎድሮስም የጴጥሮስም ደራሲ አንድ ሰው መሆኑ ይህን ይበልጥ አስገራሚ ያደርገዋል።

ልመናው ግን ከሞላ ጎደል ስለ አገር ነው። ሰማዕቱና አርበኛው እዚህ ተዋሕደው ይነበባሉ፤ ሐውልቱም በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ግንባታ ሲነሣና በ2008 ሲመለስ አደባባዩ የተናገረው በአብዛኛው የአርበኛውን ቋንቋ ነበር። ለአገር መሞትን ማናናቄ አይደለም። ነገር ግን አቡነ ጴጥሮስ የተጠየቁት አገርን እንዲክዱ ብቻ ሳይሆን ሐሰት እንዲናገሩ ነው፤ የጠላትን ስም ለወገን እንዲሰጡ። በዚያች ሰዓት በእጃቸው የቀረ ሌላ ነገር የለም፤ ጦሩ ተበትኗል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ስደት ላይ ናቸው፣ ከተማዋ ተይዛለች። ድል የእግዚአብሔር ፊርማ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን የተፈረመለት ለኢጣልያ ነበር። አቡኑ ፊርማውን እዚያ አላነበቡትም። በእኔ ንባብ ከመቅደላ የሚለያቸው ይህ ነው፤ ሽጉጥ አለመያዛቸው አይደለም። ማንም ያልነካው ንጉሥ ሊነካ ሲል ሞተ። ጳጳሱ ግን በሌሎች እጅ ከወደቁ በኋላ ገና የሚሠሩት ነበራቸው።

ውግዘቱን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይገባል። እስጢፋኖስ እየተወገረ ስለ ወጋሪዎቹ ጸለየ፤ አቡነ ጴጥሮስ ግን እየሞቱ ገዘቱ። ይህ ከክርስትና ጀግንነት አያንስም? አይመስለኝም። ግዝት የሚያስረው የሰሚውን ኅሊና ነው፤ የገዘቱትም የራሳቸውን መንጋ እንጂ ወታደሮቹን አልነበረም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ያንኑ መሣሪያ አብረዋቸው የተሾሙት አቡነ አብርሃም ኢጣልያኖች የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ ካደረጓቸው በኋላ በአርበኞች ላይ አነሡት። እስክንድርያም አወገዘቻቸው። ሥልጣኑ አንድ፣ ሹመቱ የአንድ ጊዜ፣ ግዝቱ ግን ፊትና ኋላ። አቡነ ሚካኤል ደግሞ በ1929 ዓ.ም. ጎሬ ላይ ተገደሉ። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ባይመለስ ኖሮ የትኛው ጳጳስ ሐውልት ይቆምለት ነበር?

ባህል ይህን ጥያቄ አይወደውም፤ ምክንያቱም ጀግናውን የሚያውቀው መጨረሻውን አይቶ ነው። እምነት ግን ሐምሌ 22ን ከ1933 ለይቶ መፍረድ አለበት። አልፎም አቡነ አብርሃምን ምን እናድርጋቸው የሚለውን መመለስ አለበት። ወንጌል ሰይፍ መዝዞ የማልኮስን ጆሮ የቆረጠውን ሐዋርያው ጴጥሮስን በዚያችው ሌሊት በገረድ ፊት ሲክድ ያሳየናል፤ ሁለቱንም አይደብቅም፣ በክህደቱም አይጨርሰውም። ጀግናና ከሐዲ ብቻ የሚያውቀው መድረካችን ለዚህ ዓይነቱ ሰው ቦታ የለውም። ስለ አቡነ ጴጥሮስ ከአንድ በላይ ተውኔት ጽፈናል። በአንድ ቀን በተሾሙት ጳጳሳት መካከል የተለያየውን መንገድ፣ የአቡነ አብርሃምን ፍርሃት ሳይንቅ፣ ጥፋታቸውንም ሳያቃልል የሚያቀርብ ደራሲ ሲመጣ ስለ ክርስቲያናዊ ጀግንነት የምንጽፈው ሂስ ከዛሬው የጠነከረ መነሻ ያገኛል።