«ሙሉ የደም ምርመራ» ምን ያህል ሙሉ ነው?

የሙያ ቃላት ሲሰየሙ ዘወትር የሚጠየቀው፣ አማርኛው ከባዕዱ ቃል ጋር ይመጣጠናልን? የሚለው ነው። ሰሚው ከስያሜው ተነሥቶ ምን ይደመድማል? የሚለው ግን እምብዛም አይጠየቅም። በላቦራቶሪ ስለሚካሄደው የተለመደ የደም ቆጠራ የምንሰማቸው ስያሜዎች ይህ መዘንጋት የሚያስከፍለውን ዋጋ ያሳያሉ።

ቆጠራው ሦስት ዐይነት ሕዋሳትን ይመለከታል፤ ቀይ፣ ነጭና አርጊ። በቀዮቹ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ተሸካሚ ሄሞግሎቢንንም ይለካል። በእንግሊዝኛው ስም «ሙሉ» የሚለው ቅጽል የገለጸው ቆጠራውን ነበር። በአማርኛ «ሙሉ የደም ምርመራ» ሲባል ግን ቅጽሉ ወደ ምርመራው ተሻገረ። ወባ በሚገኝበት በቆቦና በራያ ቆላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትኩሳት ይዞት የመጣ ገበሬ «ሙሉ ምርመራ ተደርጎልኛል፤ ምንም የለብኝም» ብሎ ወደ ማሽላ እርሻው ቢመለስ፣ በቃሉ ፍቺ አልተሳሳተም። የወባ ተውሳክ የሚለየው ግን በማይክሮስኮፕ በሚታይ የደም ጠብታ ወይም በፈጣን መመርመሪያ እንጂ በዚህ ቆጠራ አይደለም። የስኳርና የኤች አይ ቪ ምርመራም በውስጡ የሉም።

ሁለተኛው ችግር «ደም ማነስ» እና «ደም ብዛት» ናቸው። ቃላቱ ተቃራኒ ይመስላሉ፤ ነገሮቹ ግን አይገናኙም። የመጀመሪያው የሄሞግሎቢን ማነስ ነው፤ በዓለም የጤና ድርጅት መለኪያ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት በዴሲሊትር ከ12 ግራም፣ ለወንድ ከ13 ግራም በታች መሆን ማለት ነው። ልኩም በአገሩ ከፍታ ስለሚስተካከል ለላስታ ደጋና ለቆቦ ቆላ አንድ አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ የደም ግፊት ነው። ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ። የግፊት ክኒን የሚወስዱ አዛውንት «አባባ፣ ደም ማነስ አለብዎት» ሲባሉ፣ «እንግዲያስ ብዛቱ ለቀቀኝ» ብለው ክኒኑን ቢያቆሙ ያሳታቸው ስያሜው ነው።

በአንጻሩ «አርጊ» የሚለው ስያሜ ምስጋና ይገባዋል። ሥሩ «ረጋ» ነው፤ ወተት ሲረጋ እርጎ እንደሚሆን የምታውቅ የራያ እመቤት፣ አርጊ ሕዋስ ሲያንስ የደም መፍሰስ ቶሎ እንደማይቆም ብትሰማ ነገሩ አይጨልምባትም። ቃሉ ሥራውን ራሱ ይናገራል።

«ደም ማነስ» በሕዝቡ አንደበት ሥር የሰደደ ስለሆነ በውሳኔ አይነቀልም፤ መንቀልም አያስፈልግም። መታረም ያለበት ጎረቤቱ ነው። «የደም ግፊት» የሚለው ስም ስለተለመደ፣ ተርጓሚዎች «ደም ብዛት»ን ትተው በዚሁ ቢጸኑ የሐሰት ተቃራኒነቱ ይቀራል። ስለ ቆጠራውም «የደም ሕዋሳት ቆጠራ» ማለት ይበቃል። በእርግጥ «ሕዋስ» ለቤተ ክህነት ተማሪ አምስቱን የስሜት ሕዋሳት ያስታውሰዋል፤ ሆኖም «የደም» የሚለው ዘርፍ ፍቺውን ይወስንለታል።

ስለዚህ አንድ የሕክምና ስያሜ ከመታተሙ በፊት ለሙያው እንግዳ ለሆኑ ሰሚዎች ይነገር፤ «ከዚህ ምን ተረዳችሁ? ምንስ ታደርጋላችሁ?» ተብለውም ይጠየቁ። መልሳቸው ሐኪሙ ከሚፈልገው ከተለየ፣ ስያሜው ምንም ያህል ከባዕዱ ቃል ጋር ቢመጣጠን ገና አልተጠናቀቀም።