ግራ እጅ ምን ይሠራል?
በሐዋሳ ፒያሳ ስለሚደመጠው የአንድ ሰው ባንድ

«ኪቦርድ ባንድን ገደለ» የሚለው ክስ የቆየ ነው። ከሳሾቹ በአብዛኛው ሳክስፎኑን፣ ትራምፔቱንና ቤዝ ጊታሩን መድረክ ላይ አይተውና ሰምተው የጠገቡ ሰዎች ናቸውና ክሱ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በበኩሌ ግን ክሱ ያለ ተከሳሹ የቀረበ ይመስለኛል። ሊጠየቅ የሚገባው መሣሪያው ሳይሆን የተጫዋቹ ግራ እጅ ነው። አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ላይ በሁለት እጁ ሁለት የተለያየ ድምፅ ሲያሰማ፣ ግራ እጁ በእርግጥ እየተጫወተ ነው? ወይስ ማሽኑ እንዲጫወት ፈቃድ እየሰጠ ብቻ? ይህን ጥያቄ ይዤ በሐዋሳ ፒያሳ ጥቂት ምሽቶች አሳልፌአለሁ።

ሐዋሳ ጣሊያን ከወጣ በኋላ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ይሁንና ፒያሳ የሚለውን የጣሊያኖች ቃል ለራሷ አድርጋዋለች። ሲመሽ ከሰፈሩ ምግብና መጠጥ ቤቶች የሚወጣው ሙዚቃ ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙውን ጊዜ የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ አንድ ኪቦርድ፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ማይክሮፎን። ታዳሚው ደግሞ ብዙ ነው። ሲዳምኛ የሚፈልግ አለ፣ ወላይትኛ የሚጠይቅ አለ፣ ከአዲስ አበባ ለሳምንቱ መጨረሻ ወርዶ ትዝታ የሚያምረው አለ። የቤቱ ባለቤት ለዚህ ሁሉ አምስትና ስድስት ሙዚቀኛ ልቅጠር ቢል ሒሳቡ አይወጣለትም። ስለዚህ «ዋን ማን ባንድ» የሚባለው ሰው የመጣው በድፍረት ሳይሆን በችግር ነው።

ለማያውቀው አንባቢ አሠራሩን ላስረዳ። ተጫዋቾቹ «ስፕሊት» በሚሉት ዘዴ የኪቦርዱ ቁልፎች ከአንድ ቦታ ላይ ለሁለት ይከፈላሉ። በስተግራ ያሉት ለምሳሌ የቤዝ ጊታር፣ በስተቀኝ ያሉት የክራር፣ የማሲንቆ ወይም የአኮርዲዮን ድምፅ ይሰጣሉ። 61 ቁልፍ ባለው የተለመደ ኪቦርድ ለግራው የሚደርሱት ሃያ ያህሉ ናቸው። በዚህ መንገድ ግራ እጅ ቤዙን በገዛ ጣቱ ይጫወታል። ሁለተኛው መንገድ ማጀቡን ለማሽኑ መተው ነው። ግራ እጅ ሦስት ቁልፍ ተጭኖ ኮርድ ይይዛል፤ ቤዙን፣ ድራሙንና ጊታሩን ማሽኑ አስቀድሞ በተቀረጸለት ስልት ራሱ ይሞላዋል። ከሩቅ ለሚያይ ሁለቱ መንገዶች አንድ ናቸው። ለሚሰማ ግን ይለያያሉ።

ሁለት እጅ ሁለት ሥራ መያዙ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ማሲንቆ ተጫዋች በቀኙ ደጋኑን ይስባል፤ በግራ ጣቶቹ ብቸኛዋን ክር እየነካ ዜማውን ይፈጥራል፤ በዚያ ላይ ይዘፍናል። ክራር የሚመታውም በቀኙ ሲመታ በግራ ጣቶቹ መሰማት የሌለባቸውን ክሮች ዝም ያሰኛል። ዝም ማሰኘትም ሥራ መሆኑን ልብ ይሏል።

በፈረንጁም አገር ምሳሌ አለ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የታወቀው «ዘ ዶርስ» የተባለው የአሜሪካ ባንድ ቋሚ ቤዝ ተጫዋች አልነበረውም። ሬይ ማንዛሬክ መድረክ ላይ በቀኙ ኦርጋን፣ በግራው ፌንደር ሮድስ የተባለውን ባለ ቤዝ ፒያኖ ይጫወት ነበር። ስቱዲዮ ሲገቡ ግን ብዙ ጊዜ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ይጨምሩ ነበር። ግራ እጁ ጎበዝ ነበር፤ ሙሉ ሰው ግን አልነበረም።

ከእኛ ኃይሉ መርጊያን እናንሳ። በዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ይጫወት የነበረው ኃይሉ በ1981 እ.ኤ.አ. ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖውን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩንና የድራም ማሽኑን ብቻውን ይዞ «ሸሞንሟናዬ» ያለበትን ካሴት ሠራ። ያ ካሴት በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ ብዙ አድማጭ አግኝቷል። ብዙዎች ይህን የአንድ ሰው ባንድ አባት አድርገው ያቀርቡታል። ልዩነቱ ግን መዘንጋት የለበትም። ኃይሉ ድምፆቹን በየተራ እየቀረጸ ነው ያነባበራቸው። እያንዳንዱ መሣሪያ ሁለቱንም እጁን፣ ሙሉ ልቡንም አግኝቷል። የፒያሳው ተጫዋች ይህ ቅንጦት የለውም። እርሱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ሰው እየበላና እየጠጣ፣ በሁለት እጅ ብቻ ይወጣዋል።

አሁን ወደ ሰማሁት ልመለስ። የመጀመሪያው ተጫዋች ቀኝ እጁ የተባረከ ነው። ጣቱ ፈጣን፣ ዜማውም ንጹሕ ነው። ግራው ግን ሌሊቱን ሙሉ ኮርድ ከመጫን በቀር ሥራ አልነበረውም። ችግሩ በትዝታ ላይ ጎልቶ ታየኝ። የትዝታ ሜጀር ቅኝት ከዶ ሲጀምር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋ እና ሲ የሉበትም። ግራ እጅ በልማድ የፋን ኮርድ ሲጫን ፋ ይገባል፤ የሶልን ኮርድ ሲጫን ሲ ይከተላል። እርግጥ ነው፣ ታላላቆቹ አቀናባሪዎቻችንም ከቅኝቱ ውጭ ያለ ድምፅ ተጠቅመዋል። እነርሱ ግን መርጠው፣ አስበው፣ በቦታው አስቀምጠውት ነው። እዚህ የመረጠው ፋብሪካው ነው። በሲዳምኛው ዘፈን ጊዜም የሆነው ይኸው ነው። ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ በበዓሉ ጉዱማሌ ላይ ቄጣላ ሲጨፈር ምቱ የሚወጣው ከሰው እግርና ከሰው ጉሮሮ ነው። ከዚያ ሜዳ ብዙም በማይርቀው ፒያሳ ግን ለሌላ አገር ጭፈራ የተቀረጸ ምት ከሥሩ ተነጥፎ ሰማሁት።

ሁለተኛው ተጫዋች ቀኝ እጁ ከመጀመሪያው አይበልጥም፤ እንዲያውም ያንሳል። ነገር ግን ኪቦርዱን ከፍሎ ቤዙን በራሱ ጣት ይጫወታል። ከማሽኑ የወሰደው የጭክጭካውን ከበሮ ብቻ ነው። ዘፋኟ አንዱን ስንኝ አንጠልጥላ ስታስረዝመው የግራ ጣቱ ይጠብቃታል፤ ስትወርድ አብሯት ይወርዳል። ማሽን እንዲህ መጠበቅ አይችልም። ትዝታው ላይ ደግሞ ከበሮውን ጨርሶ አጥፍቶ በሁለት እጁ ብቻ አጀባት።

ከሁሉም የገረመኝ ማሲንቆውን ሲያስመስል ያደረገው ነው። የማሲንቆ ውበት ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲንሸራተት ነው። በኪቦርድ ይህን የምታደርገው ድምፅ ማጠፊያዋ መንኮራኩር በአብዛኛው የምትገኘው በግራ ጫፍ ነው። እንግዲህ ግራ እጅ ቤዝ ላይ ከሆነ ማሲንቆው አይንሸራተትም፤ ማሲንቆው ከተንሸራተተ ቤዙ ይቆማል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማግኘት አይቻልም። ይህ ሰው በዜማው ማለቂያ ላይ ቤዙን ለሁለት ምት ያህል ትቶ መንኮራኩሯን ነካ፣ ማሲንቆውን አስለቅሶ ተመለሰ። ቤዙ የጠፋባት ያቺ ቅጽበት እንደ ትንፋሽ ተሰማች። ሁሉንም የሚሞላ ማሽን ይህን ምርጫ ከተጫዋቹ ይወስድበታል፤ ከምርጫው ጋርም ጥበቡን ይወስደዋል።

እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ዜማው ወደ ታች ሲወርድ ቀኝ እጁ የተከፈለበትን ድንበር አልፎ ክራሩ ድንገት ቤዝ ሆነበት። የቤቱ ድምፅ ማጉያም ቤዙን እያጓራ ዘፋኟን ሸፈነባት። ቢሆንም ስሕተቱ የሰው ስሕተት ነበርና አልከፋኝም።

የሚያሳስበኝ ነገር ከአንድ ምሽት መዝናኛ ያልፋል። ግራ እጅ የተቀመጠው እነ ጆቫኒ ሪኮ በሮሃ ባንድ ይዘውት በነበረው የቤዝ ተጫዋች ወንበር ላይ ነው። የሰው እንጀራ የነበረ ወንበር ነው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የባንዱን ሌሊት ቆረጠው፤ ኋላም ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን እየረከሱ መጥተው ወንበሩን ወሰዱት። ያ አይመለስም ይሆናል። ነገር ግን በወንበሩ የተቀመጠ ሁሉ የወንበሩን ሥራ የመሥራት ዕዳ አለበት። ያለዚያ ዛሬ በፒያሳ የሚያድግ ወጣት ቤዝ ማለት ኮርድ ሲጫኑ የሚመጣ ነገር እንጂ ሰው የሚጫወተው አይመስለውም፤ ትዝታም ከነ ፋውና ከነ ሲው የተፈጠረ ይመስለዋል።

በምጽዋት ጊዜ ግራ እጅ የቀኙን ሥራ ባታውቅ መልካም ነው። በሙዚቃ ግን ልታውቅ ይገባል። ተጫዋቾቻችን በምሽት ሁለትና ሦስት ዘፈን እንኳ አጃቢውን አጥፍተው በጣታቸው ይሞክሩት። የቤት ባለቤቶችም ባንድ መቅጠር ባይችሉ አንድ ማሲንቆ ወይም ክራር ተጫዋች ከኪቦርዱ አጠገብ ማስቀመጥ ያን ያህል አይከብዳቸውም፤ ያኔ ኪቦርዱ ማሲንቆ ልሁን ከማለት ይድናል፣ ግራ እጅም ወደ ቤዙ ይመለሳል። እኛ አድማጮች ደግሞ በዜማው ብቻ ሳንወሰድ አንዳንዴ ዝቅ ብለን ቤዙን እናዳምጥ። ጥሩ ግራ እጅ ስንሰማም እናጨብጭብለት፤ ጭብጨባ የሚያገኘው እስካሁን ቀኙ ብቻ ነውና።