ማጥባት የሴትን መልክ ያበላሻልን?
(በአንድ የአሜሪካ ጥናት ላይ የቀረበ ሒስ)

ልጅ ማጥባት ጡትን ያወርዳል፤ መልክንም ያበላሻል የሚል ወሬ በብዙ አገር ይሰማል። በዚህ ፍራቻ ልጅዋን ያለጊዜው ጡት የምታስጥል እናት ስለምትኖር ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ ነው ተብሎ የሚተው አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናቱን ወተት ብቻ እንዲመገብ ይመክራል። እንግዲህ ይህን ምክር የሚያፈርስ ወሬ መመርመር ይገባዋል።

ከመረመሩት አንዱ በኬንተኪ ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ጥገና ሐኪም የነበረው ብራያን ሪንከር ነው። እርሱና ባልደረቦቹ ጥናታቸውን ያሳተሙት በፈረንጆች አቈጣጠር በ2008 ነው። ከ1998 እስከ 2006 ድረስ ጡታቸውን በቀዶ ጥገና ለማስተካከል ሐኪም ካማከሩት ሴቶች መካከል የወለዱትን 93 መረመሩ፤ ከነዚህ 54ቱ ያጠቡ ነበሩ። የጡቱ መውደቅ የተመዘነው ከቀዶ ጥገናው በፊት በተነሣ ፎቶግራፍ ነው። ዕድሜ፣ ከቁመት ጋር የተመዛዘነ የሰውነት ክብደት፣ የእርግዝና ብዛት፣ ከእርግዝና በፊት የነበረው የጡት መጠንና ሲጋራ ማጨስ ከጡት መውደቅ ጋር ተያይዘው ተገኙ። ማጥባት ግን፣ በልጆቹም ቍጥር ሆነ በወራቱ ርዝመት ቢታይ፣ አልተያያዘም። በእርግዝና ጊዜ የተጨመረው ኪሎም እንዲሁ።

የጥናቱ ዋና ጥቅም እርግዝናን ከማጥባት መለየቱ ነው። የምታጠባ እናት አስቀድማ ያረገዘች ስለ ሆነች ሰው የአንዱን ሥራ ለሌላው ይሰጣል። ጡት ግን መለወጥ የሚጀምረው ሕፃኑ ሳይወለድ ነው። በእርግዝና ወራት የወተት ዕጢዎች ያድጋሉ፤ ቆዳው ይለጠጣል። ወተቱ ሲቆም ዕጢዎቹ ይኰማተራሉ፤ የተለጠጠው ቆዳ ግን ሁልጊዜ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ይህ ለውጥ ያላጠባችውንም ሴት ያገኛታል።

ሆኖም ጥናቱን ከዐቅሙ በላይ ማሸከም አይገባም። አንደኛ፣ የተመረመሩት ሴቶች በጡታቸው መልክ ያልተደሰቱና ለሕክምናው የመጡ ናቸው፤ በመልካቸው ደስ ብሏቸው በቤታቸው የቀሩት፣ ያጠቡም ያላጠቡም፣ በቍጥሩ ውስጥ የሉም። ሁለተኛ፣ ስንት ወር እንዳጠቡ የተጠየቁት ከጊዜ በኋላ ነው፤ ትዝታ ደግሞ ሚዛን አይደለም። ሦስተኛ፣ 54ን ከ39 ጋር በማወዳደር ትልቅ ልዩነት ቢኖር ይታይ ይሆናል፤ ትንሽ ልዩነት ግን ሊሰወር ይችላል። ስለዚህ «ግንኙነት አልተገኘም» ማለትና «ግንኙነት የለም» ማለት አንድ አይደሉም።

ስለ ክብደት በሚነገረው ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት ይታያል። ማጥባት በቀን ወደ 500 ካሎሪ የሚጠጋ ተጨማሪ ኃይል ስለሚፈልግ፣ «አጥቢ፤ ትከሽያለሽ» እያሉ ተስፋ የሚሰጡ አሉ። ነገር ግን የምታጠባ ሴት ይርባታል፤ ያላትም ትበላለች። ስለዚህ በዚህ ነገር የተደረጉት ጥናቶች አልተስማሙም። ፍራቻውን በማስረጃ እየነቀፉ ተስፋውን ያለማስረጃ መቀበል አድልዎ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጥያቄው ራሱ ይገለበጣል። በ2016 (በፈረንጆች አቈጣጠር) በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ከሕፃናቱ 97 ከመቶ ያህሉ ጡት የጠቡ ሲሆኑ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 22 ከመቶ ያህሉ ክብደታቸው ከሚገባው በታች ነበር። ያላጠባች እናት እምብዛም በማትገኝበት አገር የኬንተኪን ዐይነት ማወዳደር አስቸጋሪ ነው። ሊያሳስበንም የሚገባው አጥቢዋ አለመክሳትዋ ሳይሆን፣ የአራስነቱ ገንፎና አጥሚት ካለቀ በኋላ ከራስዋ ሰውነት እየቈረሰች ማጥባትዋ ነው።

ስለዚህ ይህን ጉዳይ ለማጥናት የሚነሣ ተማሪ እናቶችን ከእርግዝናቸው መጀመሪያ ጀምሮ ይከተል፤ ክብደታቸውንና ምግባቸውን በየጊዜው ይመዝግብ እንጂ ያለፈውን በትዝታ አይጠይቅ። እስከዚያው ለእናቶች በልክ ሊነገር የሚገባው ይህ ነው፤ ማጥባት ጡትን እንደሚያወርድ ይህ ጥናት አላሳየም፤ ማጥባት ያከሳል ብሎ ተስፋ መስጠትም አይገባም፤ የምታጠባ እናት ግን ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል።